የያምናን ገመድ ማን ይያዝ

ያምና ስትቀና ጆሮዋ ይቀላል። ወላሂ አላጋነንኩም። ሌላው ሰው ሲቀና ፊቱ ይጠቁራል፣ ወይ ሰው ያማል፣ ወይ ራሴን አመመኝ ብሎ ይተኛል። የሷ ግን ከሻሿ ስር ጆሮዋ ቀልቶ ብቅ ይላል። ስንት ዘመን ሙሉ ገመዷን ስይዝላት ከኋላዋ ስለምቆም፣ ፊቷን ሳይሆን ጆሮዋን እያየሁ ነው የኖርኩት። ጆሮዋ ቀላ ማለት ኢጃ ከዚያ ማዶ ሳቀች ማለት ነው።

ኢጃ የባሏ የቢሂ እህት ናት። ቢሂ ካዛብላንካ ሱቅ አለው፤ ለዐረፋ በዓል መጥቶ በጉን አርዶ ይመለሳል። ስለዚህ ያምና ከባሏ ጋር ሳይሆን ከዋርሳዋ ጋር ነው የኖረችው ብል አልዋሸሁም። አንድ ግቢ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ በር። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይርሐምኪላህ ትላለች፤ ጥርሷን ነክሳም ቢሆን ትላለች።

መቼም ስለ ያምና ሳወራ ስለ ድንጋዩ ሳላወራ አይሆንልኝም። ከመንደራችን በታች፣ ከገደሉ ስር፣ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ የሚወጣ ድንጋይ አለ። ድንጋይ እንለዋለን እንጂ ትል የሠራው ነው። ከጣቴ የማይረዝም ትል ማዕበል ያነሳውን አሸዋ እየቀለበ፣ እያጣበቀ ቤት ይሠራል። ጎረቤቱ ከጎኑ ይሠራል፣ የልጅ ልጁም በላዩ ይሠራል፤ ላዩ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እናቶቻችን በሱ ላይ ዛጎልና ሸርጣን ሲለቅሙ ኖሩ፣ እኛም እየለቀምን ነው።

ይሄ ድንጋይ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱን ቀኑን ሙሉ ማዕበል ይደበድበዋል። እዚያ ያለው ትል ቀና ብሎ መሥራት እንዴት ይችላል! ዝቅ ብሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሠራው፤ በመዶሻ ብትመታው መዶሻው ይነጥራል። ቀዳዳ የለ፣ ስንጥቅ የለ፣ ጥቁር ዛጎል ብቻ ከላዩ ተጣብቆ ያድጋል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ሥጋዋ ሙሉ ነው። ጀርባው ሌላ አገር ነው። ማዕበሉ አንገቱ ተሰብሮ፣ አሸዋውን ብቻ ተሸክሞ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ ትሉ እንደ ልቡ ሽቅብ ይሠራል። ጉብ ጉብ ያለ፣ ከላይ ሰፊ ከስር ሆዱ ባዶ የሆነ ቤት። በዚያ ሆድ ውስጥ ምን የሌለ አለ? ሸርጣኑ፣ ኦክቶፐሱ፣ እባብ መሳዩ ዓሣ፣ የባሕር ጃርቱ፤ ስሙን የማላውቀው ስንት ጉድ።

ያምና ከአርጋን ዛፎች አገር፣ ከኮረብታው ነው ተድራ የመጣችው። ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ቀን ማዕበል ሲመጣባት ጫማዋን ጥላ ቤቷ ድረስ ሮጣለች፤ ሴቱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ነፍሷን ይማርና አማቷ ግን ያቺኑ ፈሪ ሙሽራ አይታ የድንጋዩን ፊት ሰጠቻት። ፊቱ የክብር ቦታ ነዋ! ለአንድያ ወንድ ልጅ ሚስት ጀርባ አይሰጥም። ኢጃ ደግሞ አልወልድ ብላ ከባሏ ቤት ተመልሳ ስትመጣ ጀርባው ተሰጣት። ያን ጊዜ ማንም የማይፈልገው፣ ትሉም እዚህም እዚያም ብቻ የነበረበት ቦታ ነበር። ያምና ያኔ አዝናላት እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ምስኪን፣ ምን ልትለቅም ነው?" ብላኛለች።

ከዚያ ትሉ በጀርባው በኩል መነሳት ጀመረ። የያምናም ሐዘኔታ እዚያ ላይ አበቃ።

ፊቱ ላይ ብቻዋን የምትወርድ ሴት የለችም። ወራጇ ገመድ ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ሌላዋ ከላይ ሆና ጫፉን ትይዛለች፤ ማዕበል ሲመጣ "ያዢ!" ነው፣ ሲያልፍ "ልቀቂ!" ነው። ገመድ ያዥ የሌላት ሴት ፊቱን ትለቃለች፣ ሌሎች ጥንዶች ይወስዱታል፤ ሕጉ እንደዛ ነው። የያምና ገመድ ያዥ እኔ ማማስ ነበርኩ። ግን ያለፈው ዓመት በጋ ሲቃረብ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ።

"ያምና፣" አልኳት፣ "ከመጪው ጸደይ ጀምሮ ሰው ፈልጊ። እኔ ገመድ ይዤ አንቺን ከምገድል ቤቴ ተቀምጬ ሰው ባማ ይሻለኛል።"

"ለሱስ ገመድ እየያዝሽም አላነሰሽም" አለችኝ። ቀጠለችና፣ "ክልቱም አለችልኝ አይደል?"

"አለችልሽ?"

ክልቱም ልጇ ናት፤ አንድ ልጇ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። በጸደይ፣ ባሕሩ በዓመት ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ በሚሸሽበት ቀን፣ የደረሱ ልጃገረዶች ከማን ጋር እንደሚሠሩ በሁሉም ፊት ይናገራሉ። ብዙውን ጊዜ ከእናታቸው ጋር ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ክልቱም ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የአክስቷን ቅርጫት ይዛ ጀርባው ላይ ነው ያደገችው። ያምና እኮ ሕፃን ልጅ ማዕበል ፊት ይዛ መውረድ አትችልም ነበር። ኢጃ ትያዝልኝ ብላ ራሷ ነበር የሰጠቻት። እና ኢጃ ያዘችላት!

አንድ ቀን የገብስ ገንፎ ላይ ተቀምጠን፣ የአርጋን ዘይቱ መሀል ላይ ፈስሶ፣ ያምና ልጇን ጠየቀቻት።

"ዛሬስ ምን ነበር እንደዛ ያሳቃችሁ?"

"ምንም፣ እማ።"

"ምንም ያን ያህል አያስቅም።"

"ሸርጣን የአክስቴን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ብሎ ነው። ስትሮጥ አብሯት ሮጠ።"

"እኔንም ሸርጣን ይይዘኛል እኮ።"

"አንቺ ጋ ሸርጣን የለም፣ እማ" አለች ልጅቷ፣ አንጀቷ ንጹሕ ነው፣ ገንፎዋን እየጎረሰች።

ያምና ማንኪያዋን አስቀመጠች። አልበላችም። እኔ ድርሻዋን በላሁላት፤ ገንፎ አይጣልም።

ማግስቱን ድንጋዩ ላይ ሳለን ሳቁ እንደገና ከማዶ መጣ። ያምና ወገቧ ላይ ገመድ እንደታሰረ ቀና ብላ ጮኸች። "ኢጃ! ባሕሩን በሳቅ አባረርሽው እኮ!"

"አይዞሽ፣ ላንቺ ይመጣልሻል!" አለች ኢጃ ከማዶ። በዚያው ቅጽበት ማዕበል መጥቶ ያምናን እስከ አንገቷ አረሰረሳት። ሳቅ የምትሉት ያን ጊዜ ነበር። ልጅቷም ስቃለች። እኔም ስቄአለሁ፣ ምን ላድርግ?

ያምና ግን አልሳቀችም። ዛጎሏን እየፋቀች፣ "ቤቴ ውስጥ እኔ ወለድኳት፣ እኔ ጡት አጠባኋት፣ እሷ ሳቋን ትበላለች" አለች። "ማማስ፣ ያቃጥላል። እዚህ ጋ ያቃጥላል" ብላ ደረቷን በብረት መፋቂያዋ ጫፍ ነካችው። ያንን ስትል አንጀቴን በላችው። በነጋታው ያደረገችውን ባታደርግ ኖሮ እስከ ዛሬ ይበላኝ ነበር።

በነጋታው ዓርብ ነው። ዓርብ ማንም ወደ ባሕር አይወርድም፤ ወንዱ መስጊድ፣ ሴቱ ኩስኩስ። እኔ ከገደሉ አናት ላይ ያጠብኩትን ሱፍ ላሰጣ ወጣሁ። ወደ ታች ሳይ አንዲት ሴት ጀርባው ላይ ቆማለች። ያምና ናት። ሁለት እጇን የብረት መፋቂያዋ ላይ አድርጋ የኢጃን ጉብታዎች አንድ ባንድ ትነድላለች። አንዱን ትመታለች፣ ሲሰነጠቅ ወደ ሌላው ታልፋለች። ጆሮዋ ከዚያ ርቀት ቀልቶ ታየኝ ብል ማን ያምነኛል? ብቻ ታየኝ።

ለማን ልናገር? ለኢጃ ብናገር ጠብ ነው። ለያምና አይቼሻለሁ ብል ጠብ ነው። ዝም ብል ሱፌ ይደርቃል። ሱፌን አሰጣሁ።

ሐሳቧ ገብቶኝ ነበር። ጀርባው ከፈረሰ ሸርጣኑ ይሄዳል፣ ሸርጣኑ ከሄደ ሳቁ ይሄዳል፣ ሳቁ ከሄደ ልጅቷ ወደ ፊቱ ትመጣለች። ከኮረብታ የመጣች ሴት ስሌት ነው። አጥር ካፈረስክ ፍየሉ ይወጣል ብላ ነው።

ባሕር ግን ፍየል አያረባም። እነዚያ ጉብታዎች ሲሰነጠቁ ቀዳዳው በዛ፣ ስባሪው ከስር ተከምሮ ሌላ መሸሸጊያ ሆነ። ከዚህ በፊት ደጅ ያደረው ሸርጣን ሁሉ ቤት አገኘ። በጋው እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ጀርባው እንደ ቲዝኒት ገበያ ሆነ፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ካንዱ ይጣላል። ኦክቶፐስ በየጉድጓዱ ነው። የኢጃ ቅርጫት ሞልቶ ልጅቷ ሁለተኛ ቅርጫት መያዝ ጀመረች። ድሮ እኩለ ቀን ላይ የምትመለሰው ልጅ ባሕሩ እግሯን እስኪነካት ከአክስቷ ጋር ዋለች።

"አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው!" ትላለች ኢጃ፣ ገደሉን እየወጣች፣ በያምና አጠገብ ስታልፍ።

ያምና ወደኔ ዞረች። "ሰማሻት? አላህ ነው አለች!"

"እንግዲህ አላህ ካልሆነ ማን ነው?" አልኳትና ዓይኗን አየሁት። ጆሮዋ እንዲያ ቀልቶ አያውቅም። እርር ድብን አለች። በገዛ እጇ ሰብራ፣ በገዛ እጇ የዋርሳዋን ቅርጫት ሞልታ፣ ለማንም መናገር አትችል! እንደዛ ያለ ቅናት አላህ ለጠላቴም አይስጠው። የብረት መፋቂያዋ ጫፉ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንደተሰበረ ሰው ሲጠይቃት "ፊቱ ላይ" ትላለች፣ ሰው ሳይጠይቃትም ትላለች።

ክረምቱ ገባ። የኛ ማዕበል ከምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ፊቱም ያውቀዋል፣ ለምዶታል። የዚያን ዓመት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ከደቡብ በኩል ዞሮ፣ አፍንጫ የምንለውን ወደ ባሕር የወጣ ገደል ታጥፎ በጎን ገባ። በየቤታችን ተቀምጠን ስንሰማው ምድሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ባለ ባዶ ሆድ የጀርባው ቤት፣ እንኳን ተሰንጥቆ፣ ደህና ሆኖም ያንን አይችልም።

ሲበርድ ወረድን። ጀርባው የለም። ራቁት ጥቁር አለትና ግራጫ አሸዋ ብቻ። ስባሪው በባሕሩ ዳር ተበትኖ ልጆች በእግራቸው ይረግጡታል። ፊቱ ግን እንዳለ ነው፤ ያ ዝቅ ብሎ ዱላ የለመደ ትል ጫፉም አልተነካ።

ኢጃ አለቱ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ባዶ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብቻ። ሌላ ቦታ እንደሌላት እናውቃለን። ቦታ ያጣች ሴት ወይ የሌላን ገመድ ትይዛለች፣ ወይ የወንድሟን ሚስት እጅ አይታ ትኖራለች። ሌላው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ገመድ ያዥ የጎደላት ፊቱ ላይ አንድ ሴት ብቻ ናት።

ያምና ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሳቁ ሄደ፣ ሸርጣኑ ሄደ፣ ያለችው ሁሉ ሆነላት። ጆሮዋን አየሁት፤ ቀልቷል። ክልቱም አክስቷን አቅፋ እያለቀሰች ነበርና።

ጸደይ መጣ፣ የባሕሩ የትልቁ ሽሽት ቀን ደረሰ። ሴቱ ሁሉ ድንጋዩ አናት ላይ ተሰበሰበ፣ ቅርጫቱ፣ ገመዱ፣ ልጁ። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ገመድ ያዧ ወራጇን ወገቧ ላይ እያሰረች ትጠይቃታለች፣ "በኔና ባንቺ መካከል ምን አለ?" ወራጇም "ከውሃ በቀር ምንም የለም" ትላለች። ቂም ያለው ሰው አስቀድሞ ይናገራል፣ ታርቆ ይወርዳል። ዋሽታ የወረደችን ሴት ባሕሩ አይመልሳትም። ከናቴ እናት ጀምሮ እንዲህ ሲባል ነው የሰማሁት። ከሁላችንም ይልቅ የምታምነው ደግሞ ያምና ናት። ባሕር አይታ ያላደገች ሰው የባሕርን ነገር አጥብቃ ነው የምታምነው።

"ክልቱም፣" አልኩ እኔ፣ ገመዱን በእነዚህ በድን ጣቶቼ ዘርግቼ፣ "የናትሽን ገመድ ትይዣለሽ?"

"እይዛለሁ" አለች ልጅቷ። ያምና ፊቷ በራ። እንዲያ ስትሆን ቆንጆ ናት እኮ፣ ረስቼው ነበር። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። "ግን እትዬ ማማስ፣ እኔ ቀላል ነኝ። ማዕበሉ ከመጣ እማንም እኔንም ነው ይዞ የሚሄደው። አክስቴ ከኋላዬ ትያዝ። ያለሷ አልይዝም።"

እውነቷን ነው፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኢጃ ባዶ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ መጣች። ልጅቷ እናቷን ጠየቀቻት፣ "በኔና ባንቺ መካከል ምን አለ?"

"ከውሃ በቀር ምንም የለም፣ የኔ ዓይን" አለች ያምና ቶሎ ብላ። እውነት ነዋ።

ኢጃ የገመዱን ጫፍ ያዘች። "ያምና፣ በኔና ባንቺ መካከልስ ምን አለ?"

ያምና ባሕሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ምን አባቴ ላድርግ? ሰማይ ሰማይ አየሁ። ሽሽቱ ማንንም አይጠብቅም፤ ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷ "ምነው፣ ቃሉ ጠፋሽ?" አለች። ከቀላው የያምና ጆሮ ላይ ላብ ይወርዳል። መዋሸት ትችላለች፤ ማንም አያውቅባትም፣ እኔም አልናገር። ግን ዋሽታ ልትወርድ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ልጇ ትሰማለች።

"ብረት አለ" አለች በመጨረሻ።

"ምን ብረት?" አለች ክልቱም።

ኢጃ ግን አልጠየቀችም። እጇን ደረቷ ውስጥ አስገብታ አንድ ስባሪ አወጣች። የትል ቤት ነው፤ በመሀሉ የብረት ጫፍ ተሰክቷል፣ ትሎቹ ዙሪያውን በአሸዋ ገንብተውበት እንደ ጥርስ ይዘውታል። "በበጋ፣ ማዕበሉ ሳይመጣ ነው ያገኘሁት። ይሄ ነው?" አለች።

ያምና ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ብረቱን አየች፣ የእናቷን መፋቂያ አየች፣ ጫፉ የሌለውን። ገባት።

"በጋውን ሙሉ እያወቅሽ አፍሽን ምን ዘጋው?" አለች ያምና።

"ብናገር ልጅሽን ትከለክይኛለሽ!" ኢጃ ጮኸች፤ በሕይወቴ ስትጮህ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። "አንቺ ነሽ የምትቀኚው? አንቺ? ማታ እማ ብላ ደጅሽን የምትገባልሽ አንቺ? እኔ እሷ ስትስቅ አጥር ዘልዬ የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ። አንቺ ቅናት የት ታውቂና!"

ኢጃ ስባሪውን እጇ ላይ መዘነችውና ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ባሕሩ ወረወረችው። "ይኸው፣ እሱም ውሃ ገባ። አሁንስ ምን አለ?"

"ከውሃ በቀር ምንም የለም" አለች ያምና።

ክልቱም የገመዱን ቋጠሮ ፈትሻ፣ አጥብቃ ደግማ አሰረችው፣ እናቷን ቃል ሳትናገራት። ያምና ወረደች።

አሁን ልብ ብላ ባሕሩን ታያለች ብላችሁ ነው? ኧረ ተዉኝ! ዛጎል አንዴ ትፍቃለች፣ ሁለቴ ወደ ላይ ታያለች። ልጅቷ የት ቆመች? ወደ ማን ተጠጋች? ጮህኩ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ፊትሽን ወደ ባሕር!" አልሰማችኝም። ማዕበሉ መጣ፣ ትልቁ፣ ከጭንቅላቷ በላይ፣ ነጭ ሆኖ ዋጣት። ገመዱ ተወጠረ። ልጅቷ ተንሸራተተች፣ ኢጃ ከኋላ ወገቧን በአንድ እጇ ገመዱን በሌላው ይዛ ተረከዟን የትሉ ድንጋይ ላይ ተከለች። ያ ዝቅ ያለ የፊት ድንጋይ አልተሰበረም። ሁለቱም ጎተቱ፤ ጮኸው ጎተቱ።

ያምና ወጣች። ሻሿ የለ፣ ጫማዋ የለ፣ ጉልበቷ ተልጦ ደም ይወርዳል፣ የጨው ውሃ በአፍንጫዋ ይፈሳል። ሴቱ ሁሉ አልሐምዱሊላህ ይላል። እሷ ሳልዋን እንኳ ሳትጨርስ ዓይኗን ልጇ ላይ ተከለች።

"ክልቱም፣ ለምን ወደ አክስትሽ በኩል ቆምሽ?"

ልጅቷ እጇ በገመድ ተልጧል። ተቆጥታለች፣ ታለቅሳለችም። "እማ፣ ስትሠሪ ከዚያ በኩል ብቻ ነው የምትታይኝ!" አለቻት።

ያምና ቀሚሷን ጨመቀች። ብዙ ጨመቀችው፣ ውሃ ካለቀበት በኋላም ጨመቀችው። ከዚያ ወደ ኢጃ ሳታይ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ አስተካከለች።

"እንግዲያው እዚያው ቁሚ" አለችና ተመልሳ ወረደች።